ከአጥሩ ወዲያ ያለው ሌሊት

ለበጎ ሥራ ፈቅዶ ከአገሩ የሚወጣ ሰው ስለ ቀኑ ብዙ ይነገረዋል፤ ስለ ሌሊቱ ግን እምብዛም የሚነግረው የለም። የሚሄድበት አገር ቋንቋ፣ ሰላምታው፣ አመጋገቡ፣ ውሃ አፍልቶ መጠጣቱ፣ የወባ ክኒኑ ሁሉ በሥልጠና ይሰጠዋል። ጀንበር ከጠለቀች በኋላ ከአጥሩ ወዲያ የሚሰማውን ድምፅ ግን ከሥልጠናው ደብተር ውስጥ ፈልጎ አያገኘውም። ከዚህም የተነሣ ቀን መምህር፣ ሐኪም ወይም መሐንዲስ ሆኖ የሚውለው ፈቃደኛ፣ ማታ በሩን ከዘጋ በኋላ አንዱን ድምፅ ከሌላው መለየት የማይችል ሕፃን ይሆናል። የቀኑ ሥራ በሪፖርት ይገለጻል፤ የሌሊቱ ፍርሃት ለቤተሰብ በሚጻፍ ደብዳቤ ጥግ ወይም በጓደኞች ጨዋታ መካከል ተሸሽጎ ይቀራል። ይሁን እንጂ እንግዳና ባለአገር ከልብ የሚተዋወቁት ብዙውን ጊዜ ሪፖርት በማይደርስበት በዚሁ በሌሊቱ በኩል መሆኑን ልብ ማለት ይገባል።

ለዚህ አንድ ምሳሌ ከኢትዮጵያ የቅርብ ዘመን ታሪክ ማንሣት ይቻላል። የአሜሪካ የሰላም ጓድ በፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲ ትእዛዝ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በማርች 1961 ነው። የመጀመሪያው ቡድን ወደ ኢትዮጵያ የመጣው በተከታዩ ዓመት በሴፕቴምበር ወር፣ ማለትም 1954 ዓ.ም. አልቆ 1955 ዓ.ም. በሚጠባበት ሰሞን ነበር። በዋሽንግተን በጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ የበጋ ሥልጠና የተሰጣቸው ወደ ሦስት መቶ የሚጠጉ ወጣቶች በሃሪስ ዎፎርድ ኃላፊነት አዲስ አበባ ገብተው፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከተቀበሏቸው በኋላ በየጠቅላይ ግዛቱ ወደሚገኙ ትምህርት ቤቶች ተሰማሩ። ከእነርሱ አንዱ የሆነው ፖል ሶንጋስ፣ ያን ጊዜ ጊዮን ትባል በነበረችው በወሊሶ ከተማ አስተምሮ፣ ኋላ በአገሩ የሴኔት አባል ለመሆን በቅቷል። አብዛኞቹ ግን ከዩኒቨርሲቲ በወጡ ማግሥት ሻንጣቸውን ያነሡ፣ ስማቸው ከተማሪዎቻቸው ትዝታ አልፎ ያልተሰማ ወጣቶች ነበሩ።

ከእነዚህ መካከል አራቱ በአንዲት የደጋ ከተማ አንድ ቤት ተከራይተው ይኖሩ ጀመር። ቤቱ ግድግዳው ጭቃ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ፣ አጥሩ የባሕር ዛፍ አጣና ነው። የከተማው መብራት ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ይጠፋል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ብርሃን የፋኖስ ነው። መጸዳጃው ከቤቱ ሃያ እርምጃ ያህል ርቆ ከጓሮ ይገኛል። በሩን የሚጠብቁ አንድ አዛውንት ዘበኛ አሉ፤ አሮጌ የወታደር ካፖርታቸውን ደርበው፣ ዱላቸውን ይዘው ሌሊቱን በአጥሩ ዙሪያ ሲመላለሱ ያድራሉ። ወጣቶቹ «አባባ» ብለው ይጠሯቸዋል፤ እሳቸውም አራቱንም ያለ ልዩነት «ልጄ» ይሏቸዋል።

የመጀመሪያዋ ሌሊት ድምፅ የጅብ ነበር። ከሩቅ ከገደሉ በኩል ዝግ ብሎ ይነሣና፣ መጨረሻው ላይ ወደ ላይ ይሰበራል፤ ጥቂት ፋታ ሰጥቶ ይደገማል፤ ሲደገም ግን የቀረበ ይመስላል። ውሾች ከከተማው ዳር ጀምረው እየተቀባበሉ ይጮኻሉ። በመካከሉ የሰው ሳቅ የሚመስል ድምፅ ይሰማና የአራቱም ጠጉር ይቆማል። ከየክፍላቸው ወጥተው በአንድ ክፍል ተሰበሰቡ፤ የመቀርቀሪያው ጥንካሬ ስላላረካቸው ጠረጴዛውን ወደ በሩ አስጠጉ። አንዱም ለሌላው «ፈራሁ» አላለም። የሚነጋ የማይመስለው ሌሊት ሲነጋ፣ ጠረጴዛውን መልሰው በቦታው አኑረው፣ ከራባታቸውን አስረው ወደ ትምህርት ቤት ሄዱ።

ከአራቱ አንዱ፣ የሒሳብ መምህሩ፣ ማታ ሲመለስ ዘበኛውን ለመጠየቅ ደፈረ።

«አባባ፣ ሌሊት የጮኸው ምን ነበር?»

«ጅብ ነዋ ልጄ። ሥራው ነው።»

«አጥሩን ይዘላል?»

«ምን አጥቶ? ጥንቡም አጥንቱም ያለው ውጭ ነው።»

«ስንት ሰዓት ላይ ይመጣል?»

«ሦስት ሰዓት ላይ ከተፍ ይላል።»

መምህሩ ይህን በማወቁ ልቡ አረፈ። ምሽቱን ራት በልቶ፣ የተማሪዎቹን ደብተር አርሞ፣ ሦስት ሰዓት እስኪሆን ገና ስድስት ሰዓት ያህል እንደሚቀር አስቦ፣ የእጅ ባትሪውን ይዞ ወደ ጓሮ ወጣ። በአጣናዎቹ መካከል ሁለት አረንጓዴ ዐይኖች ባትሪውን መልሰው አበሩበት። ጩኸቱን ሰምተው የደረሱት ዘበኛ በዱላቸው አጥሩን ደብደብ ደብደብ አድርገው፣ እንስሳው ያለ ችኮላ ዞር ካለ በኋላ፣ «ነግሬህ የለም እንዴ? ሦስት ሰዓት አላልኩህም?» ሲሉ ተገረሙ። የባለአገሩ የሌሊት ሰዓት ከጀንበር መጥለቅ እንደሚቆጠር መምህሩ በሥልጠናው ተምሮት ነበር፤ ሰው ግን ሲጨነቅ ወደ ለመደው የገዛ ሰዓቱ ይመለሳል። ከዚያች ምሽት በኋላ የኢትዮጵያን ሰዓት ዳግመኛ አልሳተም።

የጅብን ድምፅ ያጠኑ ሊቃውንት እንደሚያስረዱት፣ ያ ረጅም ጥሪ እስከ አምስት ኪሎ ሜትር ርቀት ድረስ ሊሰማ ይችላል፤ የመንጋው አባላትም ጠሪው ማን እንደሆነ ከድምፁ ይለያሉ። ሰውን ከሁሉ ይልቅ የሚያሸብረው «ሳቅ» ደግሞ የደስታም የዛቻም አይደለም። ብዙውን ጊዜ የሚሰማው የያዘውን ሊነጠቅ ወይም በብርቱው ሊነከስ ከደረሰ፣ ከተጨነቀ ጅብ ነው። በሌላ አነጋገር፣ በሩን በጠረጴዛ የዘጉት አራቱ ወጣቶች የሰሙት ድምፅ የሌላ ፈሪ ድምፅ ሊሆን ይችላል። በሐረር ከተማ ሕዝቡ ይህን ጎረቤት ከብዙ ዘመን ጀምሮ ስለሚያውቀው፣ በጀጎል ግንብ ላይ ጅብ የሚገባባቸው ቀዳዳዎች ትቶለታል፤ ገብቶ ቆሻሻውን ጠርጎ ይወጣል። ይህ ማለት ጅብ አይነክስም ማለት አይደለም። በብዙ የገጠር ቀበሌ ከብት የፈጀበትና ልጅ የነጠቀበት ቀን አለ። የሐረር ሰው ግን ፍርሃቱን በር አበጅቶለት፣ የሚገባበትንና የሚወጣበትን ሰዓት ለይቶ ያውቀዋል።

«ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» የሚለውን ተረት ዘበኛው ለመምህሩ የነገሩት በዚያው ሰሞን ነው። መምህሩ የቃላቱን ትርጉም አንድ በአንድ ጠይቆ ከተረዳ በኋላ ለብዙ ጊዜ ዝም አለ። ተረቱ ስለ ጅቡ ይሁን ስለ እሱና ስለ ጓደኞቹ አልጠየቀም፤ ዘበኛውም አላብራሩለትም።

ከጅቡ ሌላ ቤቱን የሚያስጨንቁት ድምፆች ብዙ ነበሩ። ቀን በፀሐይ የጋለው ቆርቆሮ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ሰው የተራመደበት ያህል ይንቋቋል። የባሕር ዛፍ ፍሬ እየተንከባለለ ይወርዳል። በክብረ በዓል ዋዜማ ከደብሩ የሚነሣው ከበሮ በእኩለ ሌሊት ይሰማል፤ የማኅሌቱን ሥርዓት ለማያውቅ ሰው የዘመቻ ክተት ይመስለዋል። ከሁሉ የከፋው ግን ሊነጋጋ ሲል የተሰማው ጥሩምባ ነበር። ጥሩምባው ከቤቱ ፊት ለፊት ተነፋ፤ አንድ ወንድ በከፍተኛ ድምፅ አንድ ነገር አወጀ፤ ብዙ እግር ተሯሯጠ፤ ከወደ ታችኛው ሰፈር ኡኡታ ተነሣ። አራቱ ወጣቶች ከሁለት ዓመት በፊት፣ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም.፣ በአዲስ አበባ የተሞከረውን መፈንቅለ መንግሥት በሥልጠናቸው ሰምተዋል። በመሆኑም ፋኖሱን አጥፍተው፣ ፓስፖርታቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ወለሉ ላይ ተኙ።

ሲነጋ ዘበኛው በበሩ ላይ አልነበሩም። ረፋዱ ላይ እጃቸው አፈር እንደያዘ መጡ። የጎረቤት እናት ሞተው ኖሯል፤ ጥሩምባውም የዕድሩ ነው። ለቀብር ቆፋሪውን፣ ለድንኳን ተካዩን፣ ለንፍሮ ቀቃዩን የሚጠራው እሱ ነው። የሒሳብ መምህሩ ከትምህርት ቤት መልስ ዘበኛውን ተከትሎ ወደ ለቅሶ ቤት ሄደ። የሚለውን ስላላወቀ ምንም አላለም፤ ከድንኳኑ ውስጥ ከወንዶቹ ጋር አግዳሚ ላይ ተቀመጠ፤ የቀረበለትን ንፍሮ ዘግኖ በላ። በማግሥቱ ያቺ ትንሽ ከተማ ተለወጠችለት። እስከዚያ ድረስ «ፈረንጅ» እያሉ ይከተሉት የነበሩ የሰፈር ልጆች ያን ቀን በጸጥታ አሳለፉት፤ የሟች ልጅም ከመንገድ ዳር ቆመው ባርኔጣቸውን አነሡለት። ወር ሙሉ በክፍል ውስጥ ያልተገኘው መተዋወቅ በአንድ የለቅሶ ድንኳን ተገኘ። ያንን ድንኳን ያሳየው ደግሞ ያ ያስፈራው ጥሩምባ ነበር።

ይህ ሁሉ ሲሆን ግን ፍርሃቱ በግድግዳና በአጥር ውስጥ የተቀመጠ ሰው ፍርሃት እንደነበር መዘንጋት የለበትም። አጥር የሌለውስ? ከሒሳብ መምህሩ ተማሪዎች አንዱ ከከተማው የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ከሚርቅ መንደር ይመጣል። ለመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ለመድረስ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ መነሣት አለበት። ይህም ጅብ ከከተማ ወደ ገደሉ የሚመለስበት ሰዓት ነው። መምህሩ እንዴት እንደሚመጣ ሲጠይቀው፣ ልጁ እንደ ተራ ነገር አድርጎ አስረዳው። አምስት ሆነው ይመጣሉ፤ ሁሉም ዱላ አላቸው፤ ጨለማ ሲሆን ችቦ ያበራሉ፤ ከወንዙ እስኪያልፉ ድረስ የእንግሊዝኛውን ግሥ ጮክ ብለው እየደጋገሙ ያጠናሉ። ድምፃቸው ጅቡን ያርቃል፤ ትምህርቱም ይጠናል። ከዚያ ልጁ በተራው ጠየቀ።

«ቲቸር፣ በእርስዎ አገር ሌሊት የሚያስፈራው ምንድን ነው?»

መምህሩ ጥቂት አሰበና፣ «ምንም የለም። መንገዱ ሁሉ መብራት አለው» ሲል መለሰለት።

ይህ መልስ ብዙ ቀን አልቆየም። በጥቅምት 12 ለ13 አጥቢያ 1955 ዓ.ም. የሒሳብ መምህሩ በጅብ ጩኸት ምክንያት እንቅልፍ አጥቶ፣ ጓደኞቹን ላለመቀስቀስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የአጭር ሞገድ ሬዲዮ ያዳምጥ ነበር። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ፣ በዋሽንግተን ገና ምሽት ሳለ፣ ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ለሕዝባቸው ንግግር አደረጉ። ሶቪየት ኅብረት በኩባ የኑክሌር ሚሳኤል መትከያ እየሠራች መሆኗ እንደተደረሰበትና ወደ ደሴቲቱ የሚሄዱ የጦር መሣሪያ ጫኝ መርከቦች በባሕር ኃይል እንደሚታገዱ አስታወቁ። መምህሩ ሦስቱን ጓደኞቹን ቀሰቀሰ። ፋኖሱ ተለኮሰ፤ አራቱም ሬዲዮውን ከበው ተቀመጡ። በልጅነታቸው በትምህርት ቤት ሳይረን ሲነፋ ከጠረጴዛ ሥር ተጎንብሰው ራሳቸውን በእጃቸው እንዲሸፍኑ የተማሩ የዚያ ትውልድ ልጆች ናቸው፤ የተማሩት ያ ትምህርት ሁሉ በአንድ ጊዜ ተመለሰ። የመንገዱ መብራት የማይከላከለው ሌሊት በአገራቸውም ነበር።

ዘበኛው ያለ ጊዜው የተለኮሰውን መብራት አይተው መስኮቱን አንኳኩ።

«ምን ሆናችሁ ልጆቼ? ጅብ ገባ?»

«አይ አባባ። ጦርነት ሊሆን ነው።»

«የት?»

«በእኛ አገር። በሁሉም አገር።»

«በአውሮፕላን ነው?»

«በአውሮፕላንም፣ ከዚያ በሚብስም።»

አዛውንቱ በ1928 ዓ.ም. የኢጣልያ አውሮፕላኖች ቦምብና የመርዝ ጋዝ ሲያዘንቡ ወጣት የነበሩ፣ በሰሜን ጦር ግንባር የዋሉ ሰው ናቸው። የቀሩትን ቃላት ማስተርጐም አላስፈለጋቸውም። «እሱስ በዱላ አይመለስም» አሉና፣ ሌሊቱን ሙሉ ይመላለሱ የነበሩት ሰው ያን ሌሊት በደፉ ላይ ተቀመጡ። ዱላቸውን ከጉልበታቸው ላይ አጋድመው፣ ፊታቸውን ወደ ውጭ አድርገው፣ ጀርባቸውን ለአራቱ ልጆች እንደ ግድግዳ ሰጥተው አነጉ። ወጣቶቹ እስከዚያች ሌሊት ድረስ አዛውንቱን ስለ ጅቡ፣ ስለ ከበሮው፣ ስለ ጥሩምባው ጠይቀዋቸዋል። እሳቸው ራሳቸው ምን ይፈሩ እንደነበር ግን ማንም አልጠየቃቸውም ነበር። የሒሳብ መምህሩ በሚቀጥሉት ማታዎች ከእሳቸው ጋር ደፉ ላይ እየተቀመጠ ጠየቃቸው፤ እሳቸውም የማይጨውን ዘመን ቀስ እያሉ፣ እሱ የሚያውቀውን ቃል እየመረጡ ነገሩት።

የዓለምን ትንፋሽ የያዘው ያ ጭንቅ በጥቅምት 18 ቀን 1955 ዓ.ም. ኒኪታ ክሩሽቾቭ ሚሳኤሎቹ እንደሚነሡ ባስታወቁ ጊዜ በረደ። ወሬውን ለዘበኛው የነገሯቸው አራቱም ሆነው ነው። «እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ አዛውንቱ፤ «እንግዲህ ለጅቡ ብቻ እንነቃለን።» ያን ምሽት በዚያ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ የሰው ሳቅ ከአጥሩ ወዲያ ተሰማ።

አራቱ መምህራን የሁለት ዓመት አገልግሎታቸውን ፈጽመው በ1956 ዓ.ም. መጨረሻ ሲሄዱ፣ ተተኪዎቻቸው ወደዚያው ቤት ገቡ። የሒሳብ መምህሩ በበሩ ውስጠኛ ገጽ ላይ አንድ ወረቀት ለጥፎላቸው ነበር። ወረቀቱ የሌሊት ድምፆችን ዝርዝር ይዟል። በሦስት ሰዓትና በአሥራ አንድ ሰዓት የሚጮኸው ጅብ ነው፤ ሰዓቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑን አትርሱ። ጣራው ላይ የሚሄደው ሰው ሳይሆን ብርድ ነው። ከበሮው የደብሩ ነው። ጥሩምባው ሲነፋ ሰው ሞቷልና ተነሡ፣ ሂዱ። ከታች ደግሞ «ሌላ ድምፅ ከሰማችሁ አባባን ጠይቁ» ይላል።

ቆይቶ በዚያ ወረቀት ላይ ያልተጻፈ ድምፅ መጣ። «መሬት ለአራሹ» በሚል መፈክር በየካቲት 1957 ዓ.ም. አደባባይ የወጣው የተማሪው እንቅስቃሴ ከዓመት ወደ ዓመት እየጋለ ሲሄድ፣ የአሜሪካ መንግሥት ለዘውዱ የሚሰጠው ድጋፍ ቁጣን አስከተለ። ፈቃደኞቹ የቁጣው ዒላማ የሆኑበት ጊዜም ነበር። ቆርቆሮ ላይ የሚወርደው ድንጋይ እንደ ባሕር ዛፍ ፍሬ አይደለም፤ ወርዋሪው ቀን በክፍል ውስጥ የሚቀመጥ ተማሪ ሊሆን ይችላል። እዚህም ላይ ሁለት ዓይነት ሰው ታየ። አንዱ መቀርቀሪያውን አጠበቀ። ሌላው በማግሥቱ በክፍሉ ቆሞ፣ ድንጋዩ ምን ማለት እንደሆነ ተማሪዎቹን ጠየቀ፤ ስለ መሬት፣ ስለ ጭሰኛ፣ ስለ ገዛ አገሩ መንግሥትም ያልጠበቀውን ሰማ። የሰላም ጓዱ ሥራ በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1977 ተቋረጠ፤ በ1995 ተመልሶ፣ በኢትዮጵያና በኤርትራ ጦርነት ዘመን ዳግመኛ ቆሞ፣ በ2007 እንደገና ተጀመረ።

ይህ ነገር የፈረንጅ ብቻ ነው የሚል ካለ፣ የዕድገት በኅብረትን ዘመቻ ማስታወስ ይበቃዋል። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. ወደ ገጠር መዝመት ከጀመሩት ወደ ስልሳ ሺህ ከሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ብዙዎቹ የከተማ ልጆች ነበሩ። በራሳቸው አገር፣ በራሳቸው ሰንደቅ ዓላማ ሥር ሆነው፣ የገበሬው ሌሊት ለእነርሱም ባዕድ ነበር። ቀን ፊደል ያስቆጠሩት ገበሬ ማታ የጅቡንና የቀበሮውን ጩኸት ለይቶ ያስተማራቸው ጥቂቶች አይደሉም። እንግዳነት የሚለካው ከኬላ በተሻገሩት ርቀት ሳይሆን በማያውቁት ድምፅ ብዛት ነው።

ለመርዳት የሚሄድ ሁሉ የሚሰጠውን ቆጥሮ ይሄዳል፤ መጽሐፉን፣ መድኃኒቱን፣ ሙያውን። ይህ ሁሉ ተፈላጊ ነው። ነገር ግን የሚረዳው ሕዝብ ሌሊት የሚያዳምጠውን ካላዳመጠ፣ የሚሰጠው ነገር በቀን ብርሃን ተሰጥቶ በቀን ብርሃን ያልቃል። ልጁ ገና ሳይነጋ ችቦ ይዞ እንደሚመጣ የማያውቅ መምህር የልጁን ዕውቀት በትክክል ሊመዝን አይችልም። የዘበኛውን ፍርሃት ያልጠየቀ ሰውም ማን እንደጠበቀው ሳያውቅ ወደ አገሩ ይመለሳል። ለመጠየቅ ደግሞ ብዙ ቋንቋ አያስፈልግም፤ የሒሳብ መምህሩ በዚያች ደጋ ከተማ ሲጀምር የነበረው አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር፤ «አባባ፣ ሌሊት የጮኸው ምን ነበር?»